ቀለሙ ይለቃል ወይ?

በቻይናዋ ናንቶንግ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሰማያዊ ቀለም ሲነክሩ የኖሩት አቶ ጂያንግ ቦዩዋን፣ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከጎረቤታቸው ልጅ ከዪንሹዋንግ ጋር ድንገት ተገናኙ። ዪንሹዋንግ ሻንግሃይ እንግሊዝኛ የምታጠና፣ ለዕረፍት የመጣች ወጣት ናት።

«አጎቴ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«እንዴት አይጠቁር! ትናንት አንዲት የስኮትላንድ ነጋዴ መጥታ ጨርቄን ስትዳስስ አረፈደች። አራት መቶ ሜትር ልታዝ ስትል ‹ቀለሙ ፋስት ነው?› አለችኝ። እኔም ‹ኧረ በፍጹም ፋስት አይደለም!› ብዬ ደረቴን ነፍቼ መለስኩላት። አመስግናኝ ውልቅ!»

ዪንሹዋንግ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ፋስት ምን ማለት መሰለዎት?»

«ፈጣን ነዋ! እኔ ደግሞ የችኮላ ሥራ አላውቅም፤ አንዱን ጨርቅ አሥር ጊዜ ነው የምነክረው።»

«ፈጣንም ነው። ስለ ቀለም ሲነገር ግን የማይለቅ ማለት ነው። እርስዎ ‹ቀለሜ ይለቃል› ብለው ሸኟት!»

አቶ ጂያንግ ክው አሉ። ይሁን እንጂ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«ለሚሮጠውም ላልተነቃነቀውም አንድ ቃል? እኔ አንዱን ቃል ከአንድ ፍቺ ጋር ነው በቃሌ የያዝኩት። ጥፋቱ የእንግሊዞቹ ነው!»

«እኛስ አጎቴ? በቻይንኛችን መደወሉም፣ መዘርጋቱም፣ መሳፈሩም ‹መምታት› ነው፤ ስልክ እንመታለን፣ ጃንጥላ እንመታለን፣ ታክሲ እንኳ እንመታለን። ይህን የሰማ እንግዳ ‹አገሩ ሁሉ ተደባዳቢ ነው› ቢልስ? ያው ፋስት ከሐኪም አፍ ሲወጣ ደግሞ ሳትበላ ቆይ ማለት ነው። ቃል ብቻውን አይጠናም፤ ከምን ጋር እንደመጣ ይታያል።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። መሳቃቸውም መሸነፋቸው ነበር።

«በይ ተነሽ፤ ሴትዮዋ ሳትሄድ እንድረስባት!»

ነጋዴዋ ያረፈችበት እንግዳ ማረፊያ ደርሰው ሳፋ አስመጡ፤ እሷው ራሷ ጨርቁን በሳሙና አሸችው። ውኃው እንደጠራ ቀረ፤ አውራ ጣቷን ግን ትንሽ ሰማያዊ ነካው። አቶ ጂያንግ አልደበቁም። «በእጥበት ፋስት ነው። ሲታሽ ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት እጅ ይነካል» አሉ፣ አንዱንም ቃል ሳይስቱ። ሴትዮዋ እውነቱ ደስ አላት፤ ለሙከራ መቶ ሜትር አዘዘች።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ቀለም ነካሪዎች እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ከነአረፍተ ነገሩ ያጠናሉ፤ እንግዳም በአለመግባባት አኩርፎ አይወጣም። ከሁሉም የሚበልጠው ትርፍ ግን የአቶ ጂያንግ ነው፦ በሰባ አንድ ዓመታቸው «ይቅርታ፣ ይህን ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» ብለው መጠየቅ አያሳፍራቸውም።