ስለ ሆሞሻ መንገድ አንድ መስመር

አሶሳ መናኸሪያ፣ ወደ ሆሞሻ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ከፊቴ የተቀመጡት ወጣት ሴትና ጓደኛዋ ይከራከሩ ነበር። እሷ የአካባቢውን መንገድ ሁኔታ በየጠዋቱ የምታሳውቅበት ድረ ገጽ አላት። የኢንተርኔት መፈለጊያው ሰሞኑን አሠራሩን ሲቀይር ግን ገጿ ከአንደኝነት ወርዶ ከታች ተቀበረ፤ አንባቢም ራቃት።

«ዘሀራ፣ ጽሑፍሽ አጭር ነው። አዲሱ አሠራር ረዘም ያለ ይወዳል።»

«ወላሂ፣ ‹ዛሬ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በጊዜ ውጡ› የሚለውን በምን ላስረዝመው?»

«በመንገዱ ታሪክ ጀምሪ። ስለ አየሩ፣ ስለ ባህሉ ጨምሪበት።»

«ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው ታሪክ አያነብም!»

«አንደኛ የወጡት እኮ እንደዚያ አድርገው ነው።»

«እነሱማ አሶሳን በዓይናቸው አላዩዋትም! የበጋውን ጽሑፌን ወስደው፣ አስረዝመው፣ በዚህ ዝናብ ‹መንገዱ ደረቅ ነው› ይላሉ። ትናንት እነሱን አምኖ የወጣ አይሱዙ እስካሁን እንደተቀረቀረ ነው።»

«ታዲያ ልትዘጊው ነው?»

«ለምን ብዬ! መፈለጊያው ካላወጣኝ አድራሻዬን በየታክሲው ጀርባ አጽፋለሁ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። «እህቴ፣ ከእኔ ጀምሪ። የእኔ መኪና ጀርባ ላይ ያለው ጥቅስ ቀለሙ ለቋል።»

«እንደተመለስን ቀለም ይዤ እመጣለሁ!»

«ነገ መፈለጊያው አሠራሩን ቀይሮ ወደ ላይ ቢመልስሽስ?» አለ ጓደኛዋ።

«ይመልሰኝ። እኔ ግን አንድ ቃል አልጨምርለትም።»

እኔ ስለ መንገዱ ለማወቅ ብዬ በስልኬ ሳነበው የቆየሁትን ረጅም ጽሑፍ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።