ግልግሉ ሳያልቅ

«ወይዘሮ በለጡ፣ ይህን ወረቀት ሲፈርሙ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር?»

ዳኛዋ በችሎት በለጡን እንዲህ ብለው ጠየቋት። አውቃለሁ ብትል ውሸት፣ አላውቅም ብትል ነውር ሆነባት። ከግርጌው ያለው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ የራሷ ነው። ከበላዩ ያለውን ጽሑፍ ግን አላነበበችውም፤ በጎልማሶች ትምህርት ገና ፊደል የምትለይ እናት ናት።

በለጡና ሰባት ባልንጀሮቿ ሲግናል ሠፈር አጠገብ ካለ የደንብ ልብስ መስፊያ የተሰናበቱት እሑድ አንገባም በማለታቸው ነው። በውላቸው መሠረት ጉዳዩን ሦስት የግልግል ዳኞች ያዙት። የምስክር ቃል ብቻ ሲቀር ፍርድ ቤት ግልግሉን አገደው። ሴቶቹ ያሳገደው አሠሪው መስሏቸው ሁለት ወር ሙሉ ሲረግሙት ከረሙ። ዛሬ ያ አሻራ ያለበት የእግድ አቤቱታ በችሎት ሲነበብ ግን አመልካቾቹ እነሱ ራሳቸው ሆነው ተገኙ።

«የግልግል ዳኞቹ ሳይጨርሱ ፍርድ ቤት በመካከል አይገባም» አሉ ዳኛዋ። «እግዱ ተነሥቷል። ውሳኔያቸው ቅር ያሰኘው ያን ጊዜ ይምጣ።»

በለጡ ከችሎት ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለሌላ ጉዳይ የመጣችው አስተማሪዋ ፌበን ያገኘቻት እዚያ ነው። ነገሩን አውርታላት ሳትጨርስ አቶ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደረሱ። የሠፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ያን አቤቱታ በፍርድ ቤት ደጅ ለሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነግረው ያስጻፉትና ቤት ለቤት ያስፈረሙት እሳቸው ነበሩ።

«አባባ፣ ምነው እንዲህ አደረጉን?» አለች በለጡ።

«ለዳኛ የሚሰጥ ነው አልኩሽ፣ ፈረምሽ። ለየትኛው ዳኛ ብለሽ መቼ ጠየቅሽኝ?»

«እርስዎን በምን አፌ እጠይቃለሁ?»

እውነቷን ነው። በሠፈራቸው ሽማግሌ ሲያስፈርም ወረቀቱ ምን ይላል ማለት ሽማግሌውን አላመንኩም እንደ ማለት ይቆጠራል። በዚህ ይሉኝታ ስምንት አሻራ ያለ አንድ ጥያቄ ታተመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባባ፣ ግልግሉን ለምን ጠሉት?» አለች ፌበን።

«ችሎት ያልተሰየመበት ምን ፍርድ ነው፣ ልጄ? ያ መነጽራሙ የግልግል ዳኛ ደግሞ በለጡን ሲያፋጥጣት አሠሪው ራሱ ይመስል ነበር። ሳይፈርዱብን እንቅደማቸው አልኩ።»

«እርስዎስ በእድሩ ሙግት ሲሰሙ አያፋጥጡም?»

«ሳላፋጥጥማ ለወግ ነው እንዴ የተቀመጥኩት?»

«እሺ። እርስዎ ጉዳዩን ይዘው ገና ሳይጨርሱ አንዱ ተነሥቶ ወረዳ ቢከስስ?»

«እቀጣዋለኋ። መጀመሪያ ፍርዴን ይስማ እንጂ። ካልጣመው ከዚያ ወዲያ…» አሉና አፋቸውን ያዙ።

«ከዚያ ወዲያ ይግባኝ ይበል» ብላ ጨረሰችላቸው ፌበን። «ዳኛዋም ያሉት ይህንኑ ነው። ሕጉ ፍርድ ቤቱን የሚያመጣው በስተኋላ ነው፤ ነገር በሁለት ደጅ ሲጎተት የሚጎዳው መጠበቅ የማይችለው ነው።»

በለጡ ቀና ብላ፣ «ከስምንታችን መጠበቅ ያልቻለችው ጫልቱ ናት፣ አባባ» አለች። «ግልግሉ በወሩ ካለቀ ልጄን ጥዬ አልሄድም ብላኝ ነበር። ያልቃል ብዬ ቃል ገባሁላት። ቅዳሜ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤሩት ትበራለች።»

አቶ ገብረ ክርስቶስ ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። በማግስቱ በሌሊት መሪ ሠፈር ኮንዶሚኒየም፣ ጫልቱ ቤት፣ ሄደው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው እንዳትሄድ ለመኗት። ትኬቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ተነሥተው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ከእንግዲህ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ጮክ ተብሎ ያልተነበበ ወረቀት ይዞ ቢመጣ እንዳትፈርሙለት። የተጀመረ ግልግልም ይለቅ፤ ካለቀ በኋላ ይግባኝ አለ።» ይህ ደንብ ከጸና ወዲህ ወረቀቱ ምን ይላል ብሎ ለመጠየቅ ማንም አያፍርም፤ የተጠየቀም አይቀየምም።

የግልግል ዳኞቹ ምስክሮቹን ሰምተው በሦስተኛው ሳምንት ወሰኑ። ወረቀቱን በሴቶቹ ፊት ያነበበችው በለጡ ናት፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆመች፣ አንድም ሳትዘል። ስምንቱም ወደ ሥራቸው ይመለሱ ይላል። የጫልቱ ስም ሦስተኛው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰባቱ ገቡ። ጫልቱ ቤሩት ናት፤ ልጇ በለጡ ዘንድ ቀርታለች።