አልመለስ ያለው መካኒክ

ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን ዘግታ በረዥሙ ተነፈሰች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ምነው ልጄ?»

«የወፍጮ መካኒኮችን በየቦታው የማሰማራው እኔ ነኝ፣ አያ። ወገራ የላክሁት ልጅ አልመለስ ቢለኝ ልፈልገው መሄዴ ነው። የጭልጋ ሰው እህሉን ይዞ እየጠበቀው ነው።»

«ያ ቀዩ፣ ረዥሙ ልጅ?»

«ያውቁታል?»

«የእኛን ወፍጮ የሠራው እሱ አይደል! ሸጋ ልጅ።»

«ተሠራ? እኔን መለዋወጫ እየጠበቅሁ ነው ያለኝ!»

«የምን መለዋወጫ! ልጄን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው።»

«እርስዎ ታዲያ ምን አሉት?»

«ላስብበት ብያለሁ።»

«በማርያም፣ ቶሎ ያስቡበት!»

«ለጭልጋ ወፍጮ ብዬ ልጄን ልዳር?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም።»

«ጠባዩስ እንዴት ነው?»

«እስከ ዛሬ ዋሽቶኝ አያውቅም።»



«እሺ፣ ዛሬውኑ ፈቅጃለሁ እለዋለሁ፤ ነገ ጭልጋ ይሂድልሽ። የሥራ ቀኑን የምትይዥለት አንቺ ነሽና፣ ሠርጉንስ መቼ ታደርጊልኛለሽ?»

«ከፋሲካ በኋላ ክፍት ቀን አለኝ።»

«በይ ያዥልኝ።»

መውረጃዬን ካለፍሁ ቆይቼ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለቱን ግን ተውሁት።