አሥራ አራተኛዋ ዱላ

በእኛ ጊዜ፣ አዳምጡኝ፣ በእኛ ጊዜ ዱላውን ሰው የሚያሸክም ተጫዋች ቢመጣ ከነዱላው ነበር ወደ ገደል የምንሰደው! እስቲ መልሰሽ አሳዪኝ ዘሃራ። ይቺ የልጄ ልጅ፣ መካነ ሰላም የምታስተምረው፣ አሁን በስልኳ ምን አሳየችኝ መሰላችሁ፤ ጎልፍ ነው የሚሉት አለች፣ አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ ለምለም ሣር ላይ ይንጎራደዳል፣ ከኋላው ሌላ ሰው ከረጢት ሙሉ ዱላ ተሸክሞ ይከተለዋል፣ እና ሰውዬው ይቆማል፣ ያስባል፣ አንዱን ይመዛል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሌላ ይመዛል። «ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ ዱላ?» ብላት፣ «አባባ፣ ለሩቁ ሌላ ነው፣ ለቅርቡ ሌላ ነው፣ ከአሥራ አራት በላይ መያዝ ግን አይፈቀድም» አትለኝም! አሥራ አራት! ወላሂ ከተቀመጥኩበት ብድግ ነው ያልኩት። ማን ነገራቸው? የእኛን ሕግ ማን ወሰደላቸው?

ሳቁ እናንተ! የገና ዱላ አሥራ አራት ይሁን የተባለው እዚሁ ነው፣ ላይ አምባና ታች አምባ መካከል፣ ከወንዙ አጠገብ ካለው መስክ ላይ። ያኔ ጥርሴ ሙሉ ነው፣ ዳገት ወጥቼ እንኳ አላለከልክም። ገና የክርስቲያኑ በዓል ነው፣ ጨዋታው ግን የሁላችን ነበር፤ እስላም ክርስቲያን የሚባል የለም፣ ላይ አምባ ነህ ወይስ ታች አምባ፣ እሱ ነው ጥያቄው። ሩሯ፣ ኳሷ ማለቴ ነው፣ ከእንጨት ጉጥ የተጠረበች፣ ጭብጤን የምታክል፣ እሷን ጫፉ በቆለመመ ዱላ እየመታህ የባላጋራህን መስመር ማሳለፍ ነው። ታዲያ ያሸነፈ ይበላል፣ የተሸነፈ ያበላል፣ እና ያሸነፈ የፈለገውን ሰው በግጥም ይሰድባል፤ የተሰደበውም መቀየም አይችልም፣ ሕግ ነው።

እና ሕጉ ሊወጣ ሲል በነበረው ገና ምን ሆንኩ መሰላችሁ! ሩሯ እግሬ ሥር መጣች። መስመሩ ከዚህ እስከዚያ በር እንኳ አይሞላም፣ የሚከለክለኝ ሰው የለም፣ የእኔ ወገን፣ ላይ አምባ ሁሉ «በላት! በላት!» ይላል፣ እና ዱላዬን አነሣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅሁት፣ ቀጭ! ሩሯ እዚያው ቁጭ ብላለች፣ የዱላዬ ግማሽ ግን መስመሩን አልፎ ሄደላችሁ! (ሳቅ) አዎ፣ ዱላው ገባ! ሩሯ ቀረች፣ ዱላው ገባ!

ከታች አምባ ሰይድ የሚባል ነበረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምላሱ ከዱላው የሚፈጥን። አሸንፈውን ሲያበቁ እዚያው ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እንዲህ ብሎ አወጣብኝ፦

እንድሪስ ዱላህን ስጣት ለሚስትህ፣
እሳት ታንድበት ሽሮ ታብስልልህ።

አዬ! ያቺ ግጥም እግር አወጣች። ገበያ ብወጣ እሷ፣ ውኃ ብወርድ እሷ። በግ ልሸጥ ከላላ ገበያ ድረስ ሄድኩ፤ የማላውቀው ሰው፣ ነጋዴ፣ በጉን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተ ባለ ሽሮው አይደለህም?» አለኝ። ባለ ሽሮው! ስሜ ጠፋላችሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ከድጃ፣ ሚስቴ፣ እሳት ስታነድ በአፍንጫዋ ታዜማለች። «ምንድን ነው የምታዜሚው?» ስላት «ምንም፣ መንዙማ ነው» ትለኛለች። ነገሩ አስጨነቀኝ፣ አልዋሻችሁም። እኔ ስሞት ልጆቼ የባለ ሽሮው ልጆች ተብለው ሊቀሩ ነው እኮ! በግጥም የወጣ ስም ደግሞ በሽማግሌ አይነሣም፣ በሌላ ግጥም ካልሆነ።

ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር፣ ልናገር። ዱላውን የቆረጥኩት ለገና ሳምንት ሲቀረው ነው፣ ከወይራ ቅርንጫፍ፣ እርጥቡን፣ ከዚያ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ምድጃ ላይ ሰቀልኩት። ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ እርጥብ። ችኮላ ነው እንዲህ ያደረገኝ።

ታዲያ በዚያው ዓመት ጨዋታው ሲያልቅ ዱላው ወደ ራስ ቅል ዞሮ ነበርና፣ ሁለት ሦስት ሰው ተፈነከተና፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አያ ይመር ናቸው የፈረዱት፣ ከማዶ አምባ፣ ለእኛም ለእነሱም የማይወግኑ። «ከእንግዲህ በየወገኑ ተጫዋች አሥራ ሁለት፣ ዱላ አሥራ አራት። መስኩ ላይ ስትደርሱ እቆጥራለሁ። ከተቆጠረ በኋላ አንድ ዱላ አይጨመር፣ አንድ አይለወጥ። የተሰበረበት ትርፍ ካለው ያንሣ፣ ከሌለው እኔ አጠገብ መጥቶ ይቀመጥ» አሉ። ይኸውላችሁ ሕጉ! ሁለት ትርፍ ብቻ! ዱላ መምረጥ ማለት ታዲያ ቀልድ አይደለም ከዚያ በኋላ።

የእኛ አለቃ ሞላ ነበር፣ ጎረቤቴ፣ አብሮ አደጌ። «ማን ይምረጥ?» ሲባል ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እንድሪስ ይምረጥ፤ ከእሱ በላይ ማን ተቃጥሏል?» እና ሞላ ግቢ ሠላሳ የሚሆን ዱላ ተደረደረ፣ እኔ መሐላቸው እየተመላለስኩ፣ ልክ እንደዚያ ሰውዬ፣ ዘሃራ፣ ልክ እንደዚያ እንደ ጎልፉ ሰውዬ! ጉልበቴ ላይ አስደግፌ አጎብጣለሁ፣ ድንጋይ ላይ ኳ አድርጌ ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ የደረቀ እንጨት ይጮሃል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። የተቆረጠበትን አሸታለሁ። «ይሄ ወዲህ! ይሄ ወዲያ!» ከኋላ ለሚቆመው ከባድ ወይራ፣ ሩሯን እሩቅ የሚልክ። መሐል ለሚራኮተው አጭር ክትክታ፣ በሰው እግር መካከል የሚሾልክ። ለሯጩ ቀለል ያለ የአስታ እንጨት፣ እጁን እንዳያደክመው። አንዱ ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ልስልስ፣ ቅቤ የጠጣ። «ወዲያ!» አልኩት። «እንዴት? ይሄን የመሰለ ያማረ?» «ወንድሜ፣ ልንድረው ነው ወይ? ይሰነጠቃል፣ ወዲያ!»

እንዲህ እንዲህ ስንል አሥራ ሦስቱ ተመረጡ። ችግሩ አሥራ አራተኛዋ ላይ መጣ። ሞላ የራሱን ትርፍ አመጣ፣ ክትክታ፣ እጀታው ላይ የመዳብ ሽቦ የጠመጠመበት፣ የሚያብረቀርቅ። እኔም የራሴን አመጣሁ። የእኔዋን ልንገራችሁ! በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በደረቴ ተኝቼ ከወይራ ሥር ቆፍሬ ያወጣኋት ናት። ከቅርንጫፍ አይደለም፣ ከሥር! ፈጣሪ ራሱ ያቆለመማት፣ እሳት ያልነካት። ክረምቱን ሙሉ ፍግ ውስጥ ቀበርኳት፣ ቀስ ብላ እንድትደርቅ፣ በመስከረም አወጣኋት፣ ቅቤ አበላኋት። መልኳ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ መልክ የላትም።

ሞላ ያዛትና ወዲያው አራቃት። «እንድሪስ፣ ይቺ ትሸታለች።»

«በአፍንጫህ ነው እንዴ የምትጫወተው?»

«ጉጥ በጉጥ ናት እኮ!»

«ከአንተ ጉልበት አትብስም!»

ሰው ሳቀ። ሞላ ግን አልሳቀም፣ ቀረብ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንድሪስ ወንድሜ፣ አምና የሆነውን አንርሳ» አለኝ። አያችሁ? በስድብ ቢመጣ እመልስለት ነበር፣ በወንድምነት መጣብኝ። ባለ መዳቡ ከረጢት ገባ፣ የእኔዋ ውጭ ቀረች።

ታዲያ የገና ጠዋት ከረጢቱን፣ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ማን ይሸከም? እኔ! እንግዲህ አስቡት፣ መራጩም እኔ ተሸካሚውም እኔ። ወደ መስኩ ስንወርድ ሽንቴን ልሽና ብዬ ወደኋላ ቀረሁ፣ እና ከጋቢዬ ሥር የእኔዋን አወጣሁ፣ ባለ መዳቡን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኛሁት፣ የእኔዋን ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። አስተግፊሩላህ! ማታለል ነው፣ አውቃለሁ፣ አትዩኝ እንዲያ።

አያ ይመር ከድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ። «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣» ሲሉ ሞላ ፈገግ ብሎ ያያል፣ «አሥራ አራት» ብለው የእኔዋን ሲያወጧት፣ ወላሂ ከዓይኑ በፊት አፍንጫው ነው ያወቃት! ዞሮ አየኝ። ምን ይበል? ከተቆጠረ በኋላ አይለወጥ ተብሏል። ከንፈሩን ነክሶ፣ «እንገናኛለን» ብቻ አለኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። አቧራ! ጩኸት! እነሱ አገቡ፣ እኛ አገባን፣ አንድ ለአንድ፤ ቀድሞ ሁለት ያገባ ነው የሚያሸንፈው። ዱላ ይሰበራል፣ የእነሱ ሁለቱም ትርፍ አለቀ፣ የእኛም አንዱ ሄደ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረችው የእኔዋ ብቻ ናት። እኔ በሌላ ዱላ ነው የምጫወተው። ለምን አላወጣኋትም? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ! ያን ሁሉ ተጨቃጭቄ፣ አታልዬ አምጥቼ፣ እጄ ወደ ከረጢቱ አልሄድ አለኝ። ይቺም ብትሰበርስ? እያልኩ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት አለፈ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች።

በዚህ መሐል ቀጭ! የሰይድ ዱላ ለሁለት! እሰይ! ላይ አምባ ጨፈረ። ትርፍ የላቸውም እኮ! አያ ይመር «ሰይድ፣ ና ልጄ፣ እኔ ጋ ቁጭ በል» አሉት። ሰይድ መቀመጡ ሞት ሆነበት፣ መስኩን ዞር ዞር ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አያ እንድሪስ! ከዚያች ከረጢት አንዲት ማገዶ ጣልልኝ እስቲ! ሽሮ ልሥራበት!»

መስኩ በሳቅ ፈረሰ። የእነሱ ብቻ መሰላችሁ? የእኛዎቹም ሳቁ! ሞላም ሳቀ! ደሜ ፈላ፣ ዓይኔ ምንም አላየም፣ ወደ ከረጢቱ ሮጥኩ፣ መዘዝኳት፣ እና እንዲህ፣ እንዲህ አድርጌ ወረወርኩለት። «እንካ! ወንድ ከሆንክ ስበራት!»

«እንድሪስ!» ብሎ ጮኸ ሞላ። «አብደሃል? አያ ይመር፣ ይሄማ አይሆንም!»

አያ ይመር ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ «ዱላ አይጨመር ነው ያልነው፤ ይቺ ተቆጥራለች። በማን እጅ ትሁን የሚል አልፈረድንም። ተጫወቱ» አሉ።

ሩሯ መጣች። ሰይድ ዱላዋን እስከ ጀርባው አነሣት። እኔማ ያ አላህ፣ ያ አላህ እላለሁ፣ ምን እንደምለምን ግን አላውቅም! ጧ! እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ሩሯ በሞላ አናት ላይ አለፈች፣ መስመሩን አለፈች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ባቄላ ማሳ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ሁለት ለአንድ፤ አለቀ።

ላይ አምባ ጸጥ አለ። እና በዚያ ጸጥታ መሐል አንድ ሰው ብቻ ይዘላል፣ ይጮሃል፣ ጋቢውን ወደ ላይ ይወረውራል። «አልተሰበረችም! አልተሰበረችም! አያችሁ፣ አልተሰበረችም!» ማን ነው? እኔ ነኛ! (ሳቅ) ሞላ መጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ «እንድሪስ፣» አለኝ፣ «አንተ የማን ነህ?» ደስታዬን ግን መያዝ አልቻልኩም፣ ምን ላድርግ?

ሰይድ ደግሞ ዱላዋን አገላበጣት፣ ጉጧን ዳበሰ፣ አሸተታት፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ አመጣልኝ። እና ታች አምባ ሁሉ ግጥም ሲጠብቅ፣ ማንን ሊሰድብ ነው ሲባል፣ እንዲህ አለ፦

እንድሪስ ዱላህን ደብቃት ከሚስትህ፣
ማገዶ አይደለችም፣ ወላሂ ልንገርህ።

አለቀስኩ። አዎ፣ እዚያው መስክ ላይ። ከዚያ የተሸነፈ ያበላል ነውና ሁለት በግ ከራሴ በረት አወጣሁ፣ አንዱ በእስላም ቢላ፣ አንዱ በክርስቲያን ቢላ ታረደ፣ ማንም እንድከፍል ሳይጠይቀኝ። በሳምንቱ ከላላ ብሄድ ያ በግ ነጋዴ ከሩቅ አየኝና፣ «ባለ ወይራው! ባለ ወይራው መጣ!» አይልም! ግጥሟ ቀድማኝ ገብታለች! ሞላ እስከ ጥምቀት አኮረፈኝ። ከዚያ አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆመ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እንድሪስ፣ ያ ገደል ላይ ሌላ ሥር ይኖር ይሆን?» አለኝ። ሄድን፣ እግሬን ይዞልኝ ቆፈርንለት።

ይቺውላችሁ፣ የምደገፍባት። ያዟት፣ ግድ የለም፣ አሽቷት። ዛሬም ትንሽ አላት።

«እንግዲያው አባባ፣» አለች ዘሃራ፣ «ተሸነፋችሁ ማለት ነው?»

ላይ አምባ ተሸነፈ እንጂ! እኔማ አሸነፍኩ!

አያ እንድሪስ ይሄን ብለው ሲስቁ ከጓዳ የባለቤታቸው የእትዬ ከድጃ ድምፅ መጣ፣ ለስለስ ብሎ፣ በአፍንጫ፦ «እንድሪስ ዱላህን ስጣት ለሚስትህ…»

ሰማችኋት? አንቺ! ከድጃ! እሱ ቀርቷል አልተባለም ወይ? ስንት ዓመቱ ነው!

«አዲሱ ዜማው አይጥመኝም!» አሉ ከውስጥ።