ሪባን የታሰረባቸው አራት ጎጆዎች

የምስክር ስም፦ ቬርና ሃልቨርሰን
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ከዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ
አድራሻ፦ ፖርት ሄልም ከተማ፣ ሚል ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 18
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኖቬምበር 18 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ለዚህ ጥፋት ተጠያቂው የአልደር ጅረት ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ክሬግ ዴንማን ነው። ሌላ ሰው መፈለግ አያስፈልግም።

ጅረቱ አርባ ዓመት ሙሉ ከመኪና ማቆሚያ ሥር በቱቦ ሲሄድ የኖረ ነው። ቱቦው እንዲወጣ እኔና ሟቹ ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደክመናል። ጠጠሩን በባልዲ ተሸክመን ያፈሰስነው እኛ ነን። ዴንማን የመጣው ካሜራ ሲመጣ ነው።

በዚህ ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕር ተመልሶ ገባ። ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ትቆፍራለች፣ እንቁላሏን ጥላ በጠጠር ትሸፍናለች፣ ከዚያም እስክትሞት ትጠብቀዋለች። ያንን ቦታ ጎጆ እንለዋለን። አምስት ጎጆ አገኘሁ። በአራቱ ላይ እንደ ደንባችን ከጎጆው በላይ ካለው ቅርንጫፍ ብርቱካናማ ሪባን አስሬ ቀኑንና "እንቁላል አለ፣ አትርገጡ" የሚል ጻፍኩ። አምስተኛው ጋ ስደርስ ሪባኑ አልቆብኝ ነበር። በነጋታው ጉልበቴን አሞኝ ቀረሁ።

ቅዳሜ ኖቬምበር 16 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ ሃያ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ ውሃው ውስጥ ቆመው፣ ሪባን ባሰርኩባቸው ቦታዎች ጠጠሩን በባለጥርስ የብረት መጥረጊያ ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። ከንቲባዋ በአምስት ሰዓት ትመጣለች ተብሎ ነው። ሪባኖቹ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። ዴንማንን ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ማዘጋጃ ቤቱ የሚነሳ ነገር ላይ ነው ብርቱካናማ ሪባን የሚያስረው፣ እማማ ቬርና። የሚስተካከል ቦታ መሰለን" አለኝ።

"የጻፍኩበትንስ?"

"የእርስዎን ጽሑፍ ደግሞ ማን ያነበዋል?" ብሎ ሳቀ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። እሱ ሁለት ዲግሪ አለው ይባላል። አንድ መስመር ለማንበብ ሦስተኛ ሳያስፈልገው አይቀርም።

ፓም የምትባል በጎ ፈቃደኛ በመዳፏ እፍኝ ሙሉ ሮዝ እንቁላል ይዛ መጣችና "እማማ፣ መልሰን ብንቀብረውስ?" አለችኝ። ዶሮ አምጪና ትታቀፈው አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። ቀድማ ማልቀስ ነበረባት።

አራተኛው ጎጆ ላይ ሴቷ ዓሣ ገና በሕይወት ነበረች። ዴንማን በእግሩ ገፋ አድርጎ አስነሳትና መጥረግ ሲጀምር መጥረጊያውን ነጥቄ ጅረቱ መሃል ወረወርኩት። ልትመታኝ ነበር ብሎ ለፖሊስ የደወለው በዚህ ነው። አልመታሁትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የዓሣ አንገት ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ብፈልገው ኖሮ አልስተውም ነበር።

በአምስት ሰዓት ከንቲባዋ መጣች። ዴንማን ሦስተኛው ጎጆ ላይ ቆሞ "ሳልሞን ወደ ቤቱ ተመለሰ" ብሎ ንግግር አደረገ። ተጨበጨበለት። ዓሣዋ ከኋላው ወዲያና ወዲህ እያለች ቦታዋን ትፈልግ እንደነበር ከእኔ በቀር ያየ የለም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዴንማን ስልክ ደውሎ፣ "እማማ፣ የተረፈ ጎጆ ካለ ይንገሩን፣ ትልቅ ምልክት እናቆምበታለን" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ትናንት ማታ ሄጄ አይቻለሁ፤ አምስተኛውን የነካው የለም።

መርማሪው ቃሌን ላንብብልዎ ቢለኝም ራሴ አንብቤዋለሁ። ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሆነውንም አላስቀረሁም። አምስተኛው የት እንደሆነ እዚህም ተጠይቄ አልተናገርኩም። ከእንግዲህ ጎጆ ባገኝ ሪባን አላስርም።

የምስክር ፊርማ፦ ቬርና ሃልቨርሰን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ዴል ኦካዳ