ለብርሃን ቅንጣት ቶብ ያለበሱት ዶክተር ናርዶስ ጥዑመልሳን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እህቴ ማን እንደነበሩ ጥቂት ላንብብላችሁ።

ዶክተር ናርዶስ ከአባታቸው ከአቶ ጥዑመልሳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች በ1972 ዓ.ም. እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ተወለዱ። አባታችን ቀድመው ስላረፉ፣ እናታችን ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት እያጠቡና እያበሰሉ ብቻቸውን አሳደጉን። ከቤት ሲወጡ ምንጊዜም እንደ ሱዳን ሴቶች ሰማያዊ ቶብ ከቀሚሳቸው በላይ ይጠቀለሉ ነበር። ከሻ የሚሉት አፈሳ በወጣ ቀን፣ ፖሊስ ወረቀት የሌላትን ሀበሻ ከመንገድ እየለቀመ መኪና ላይ ሲጭን፣ እሳቸው በቶባቸው ተከልለው በመሀል ያልፋሉ፤ ዶክተር ናርዶስም የቶቡን ጫፍ ጨብጠው ይከተሏቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በዐረብኛ ተከታትለው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ በመማር ላይ ሳሉ፣ እናታችን ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። “ያልፋል፣ ኢንሻላህ” እያሉ ደብቀውት ኖሮ፣ ሐኪም ሲያየው ተሰራጭቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ እህቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ቀሩ፦ ዕጢ ገና ሰሊጥ ሲያህል እንዴት ይታያል? ይህንኑ ይዘው ማሌዥያ ሄደው ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ እዚያው ቅሪ ቢባሉም “የእናቴን ሰፈር ለማን ትቼ” ብለው ወደ ካርቱም፣ ወደ ተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ተመለሱ።

ሥራቸውን የማውቀው ልብስ እያጣጠፍን ሲነግሩኝ በሰማሁት ልክ ነው። ከአቧራ እጅግ ያነሰ፣ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ቅንጣት አለ፤ በደም ሥር ቢሰዱት ዕጢው ጋ ደርሶ እያበራ ያሳያል፣ መድኃኒት ቢያሸክሙትም እዚያው ያራግፋል። ነገር ግን ራቁቱን ከገባ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ገላም ባዕድ ነው ብሎ ለቅሞ ጉበት ውስጥ ያጉረዋል። “ያው ከሻ ነው” ይሉ ነበር እህቴ። ስለዚህ ፖሊመር የሚባል ስስ ሽፋን አለበሱት፤ ስሙንም ቶብ አሉት። ረዳታቸው ሁዘይፋ፣ እዚህ መካከላችን የቆመው፣ “ዱክቱራ፣ የዛሬው ቶብ ሰፍቶታል፣ ያደናቅፈዋል” ሲላቸው፣ “ያላ፣ አንተ ልብስ ሰፊ፣ አጥብበዋ!” ይሉት ነበር። በአይጧ ገላ ውስጥ ያለችው ትንሽ ዕጢ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ሆና ያበራች ዕለት ስልክ ደውለውልኝ፣ “የእማዬም በጊዜ ይታይ ነበር” አሉኝ።

በ2003 ዓ.ም. ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጡት ከአቶ ዓባይ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሳራን ወለዱ።

ከሁለት ዓመት በፊት ያ የእናታችን ሕመም እሳቸውንም ያዛቸው። ሕክምናቸውን እንደማንኛውም ሰው ተከታተሉ፤ ሁዘይፋና ጓደኞቹ ግን ቅንጣቱን እንዲሞክሩላቸው አልቅሰው ለመኗቸው። “አይጥ ላይ ያልጨረስነውን ሰው ላይ አንጀምርም፤ እኔም ሰው ነኝ” ብለው መለሱላቸው። በሰፈራችን “ለራሷ ነፈገች” ሲባል ሰምቻለሁ፤ “ባይሠራ ነው እንጂ” ያለም አለ። እንደዚያ አይደለም፣ ወገኖቼ። በእሳቸው ላይ ተቻኩለው አንድ ነገር ቢበላሽ ሥራው እዚያው እንደሚቀበር ያውቁ ነበር፤ እሳቸው የፈለጉት ነገ የማያውቋት እናት ሳትፈራ ክንዷን እንድትሰጥ ነው። የላቦራቶሪውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው ለሁዘይፋ አስረክበው፣ ጥር 2015 ዓ.ም. በቤታቸው ዐረፉ። ሁዘይፋም ከነገ ወዲያ ወደ ሥራው ይገባል።

በሣጥኑ ላይ የምታዩት ሰማያዊ ጨርቅ የእናታችን ቶብ ነው፤ አልብሱኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸውን አቶ ዓባይን፣ ልጃቸውን ሳራን፣ ታናሽ እህታቸውን እኔን፣ እንደ ልጅ ያዩዋቸውን ልጆቼንና ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል።

ለብርሃን ልብስ የሰፉትን እህታችንን፣ እግዚአብሔር ልብሰ ብርሃን ያልብስልን። ሁላችሁም በየሃይማኖታችሁ አሜን በሉልን።