ክላርኔቷ ቅቤ የተቀባች ዕለት

በኛ ጊዜ ልጄ፣ ሰበታ ላይ መኪና ያለው ሰው ነበረ፣ ወፍጮ ያለው ሰው ነበረ፣ ክላርኔት ያለው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳቅ፣ ሳቅ፣ እውነቴን ነው! ታዲያ ያቺ ሳጥን ውስጥ ያለችው እሷ ናት። አትንካት፣ በዓይንህ እያት። ከኔም በዕድሜ ትበልጣለች። አጎቴ ሃምሳ አለቃ በየነ አዲስ አበባ ማርሽ ባንድ ውስጥ ይነፋት ነበር፣ እሱ ደግሞ ከአስተማሪው ከአርመኑ ነው ያገኛት፣ አርመኑ ከየት እንዳመጣት እንግዲህ እግዜር ይወቅ። በጣሊያን ጊዜ አጎቴ መናገሻ ወስዶ ጭድ ውስጥ ደበቃት፣ እና ጣሊያን ሲወጣ እሷም ወጣች፣ ግን አንዷ ቁልፏ ጠፍታ። ታዲያ አንድ አንጥረኛ ማርትሬዛ ብር አቅልጦ ሌላ ሠራላት። ይኸው፣ ይቺ ነጣ ያለችው። ድምፅዋን ብትሰማ! አሁን ያሉት የሚያብለጨልጩት ይጮኻሉ፣ እሷ ግን ታወራለች። እንጨቷ እኮ የስንት ሰው ትንፋሽ ጠጥቷል! ስንት ሰው ሽጥልኝ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ሚስት ትሸጣለች እንዴ?

ታዲያ አጎቴ አርጅቶ የፊት ጥርሱ ረገፈ። ክላርኔት ደግሞ ያለ ጥርስ አይነፋም። ጠራኝና «ታደሰ፣ ና እስቲ ጥርስህን አሳየኝ» አለኝ። እንደ በሬ ገዢ አፌን ከፍቶ ግራ ቀኙን አየና «ይበቃል፣ ውሰዳት። ፀሐይ አታሳያት፣ ብርድ አታሳያት፣ እንጨት ናት፣ ትሰነጠቃለች» ብሎ አስረከበኝ።

እና እሷን ይዤ አስካለን ወደድኩ። ይቺን፣ ምስር የምትለቅመዋን አስካለን! አባቷ ኦቦ ጉተማ ይባላሉ፣ በሬም እህልም የተረፋቸው ገበሬ፣ በጾም የማይቀልዱ፣ እና ትልቅ ሰው መጠጋት የሚወዱ። ሹም መጣ ከተባለ ከፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ላክሁባቸው። «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። «ክላርኔት ይነፋል።» «ምን? ልጄን ለአዝማሪ? ሂንታኡ! አይሆንም!» ሽማግሌዎቹ «ኧረ ኦቦ፣ አዝማሪ አይደለም፣ ይሄ እኮ ማርሽ ነው፣ የመንግሥት ነገር ነው» ቢሉ፣ ቢለምኑ፣ «ሂንታኡ!» በመጨረሻ ምን አሉ? «እሺ፣ ደጃዝማቹ አዲሱን የጅማ መንገድ ድልድይ ሊመርቁ ይመጣሉ፣ በፊታቸው ይንፋ። እሳቸው ካከበሩት እኔም አከብረዋለሁ። ካዋረደኝ ግን በደጄ እንዳያልፍ።» የደጃዝማቹን፣ ያኔ የገዢያችንን፣ ስም እንኳ ልተወው። ታዲያ አስበው፣ አስካለን ማግኘቴ በዚያች እንጨት ላይ ወደቀ። ፈራሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ወሩ መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ፀሐዩም አይጣል ነው። በዕለቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ስሄድ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ሳጥኑን ከፈተች። አየችው፣ እንጨቱ ደርቋል። አዘነች። እና ምን አደረገች መሰለህ? የአናት ቅቤ፣ ያውም አሪቲ የገባበት፣ ከአፏ እስከ ግርጌዋ ለቀለቀቻት! በኋላ «ምነው እማዬ፣ በሁዳዴ?» ብላት «ለሆድ መሰለህ? የአናት እኮ ነው!» አለችኝ። «አናቷ የቱ ጋ እንደሆነ አጣሁት፣ ስለዚህ ሁሉንም ቀባሁት።»

እኔ ምኑን አውቄ! ሳጥኔን አንጠልጥዬ ወደ ድልድዩ። ጅማ መንገድ ላይ ሕዝቡ ግጥም ብሏል፣ ኦቦ ጉተማ ካባቸውን ደርበው ከፊት፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ተክሌ ከጎኔ። «መጡ! መጡ!» ተባለ። ሳጥኑን ስከፍት ሽታው ግንፍል አለ። መምሬ ማሽተት ጀመሩ። «ልጄ፣ ይሄ የሚሸተኝ ምንድን ነው?» «ቅቤ መሰለኝ አባቴ።» «ቅቤ! በሁዳዴ!» በኩታዬ ጠረግኳት፣ ጠረግኳት፣ ወይ ፍንክች! በፀሐዩ ቀልጦ ውስጥ ገብቷል፣ አፌ በሚያርፍበት በኩል ጠብ ጠብ ይላል። እንግዲህ ብነፋት ጾም ገደፍኩ፣ ኦቦ ጉተማ ደግሞ ለጾም ገዳፊ ልጅ አይሰጡም። ባልነፋት አዋረድኳቸው፣ ያኔም አይሰጡም። የደጃዝማቹ ላንድሮቨር ቆመች።

«መምሬ፣ ይፍረዱኝ!» አልኩ።

ጢማቸውን ያዝ አደረጉና «ስትነፋ ትንፋሽህ ይገባል ወይስ ይወጣል?» አሉኝ።

«ይወጣል አባቴ።»

«እንግዲያ ንፋ። ምራቅህን ግን እንዳትውጥ። ጠብታ ብትውጥ ገድፈሃል።»

ነፋሁ ልጄ! ክላርኔት ሲነፋ ምራቅ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ? ያውም ቅቤ ቀምሶ! አፌ ሞላ፣ ጉንጬ አበጠ፣ በአገጬ ወረደ፣ እኔ እነፋለሁ። እሷ ደግሞ ቅቤውን ወዳው ነው መሰለኝ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ አጨበጨበ፣ እኔ ግን ሐሳቤ ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ማርሹ አለቀ። ደጃዝማቹ ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ። «ጎበዝ! ስምህ ማነው?»

በል እንግዲህ ፍረድ! ልዋጥ? ጾም ነው። ልትፋ? በሹም ፊት ምራቅ ይተፋል? ዝም ልበል? ንቀት ነው። ዝም ብዬ እጅ ነሳሁ። «ስምህን ነው የጠየቅሁህ!» አሁንም እጅ ነሳሁ፣ «እምምም!» ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ኦቦ ጉተማን በጎን አየኋቸው፣ ላብ በላብ ሆነዋል። ደጃዝማቹ ሊቆጡ ጀምረው ነበር፣ ግን በአገጬ የሚወርደውን አዩና ፊታቸው ራራ።

«ውይ! ዲዳ ነው እንዴ?»

ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ዲዳ ሆኖ እንዲህ ይነፋል! የማን ወገን ነው? ይሄን ልጅ ለዚህ ያበቃ ሰው ሊመሰገን ይገባል!»

«ሊመሰገን» የሚለውን ሲሰሙ ኦቦ ጉተማ ከሰልፉ ዘለው ወጡ። «የኔ ነው ጌታዬ!»

«ልጅህ ነው?»

«አማቼ ነው! ዲዳ ነው ብዬ ሳልንቅ ልጄን የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

ይሄን ስሰማ ልውጠው ምንም አልቀረኝ! ደጃዝማቹ የኦቦ ጉተማን ትከሻ መታ መታ አድርገው «ሰው ማለት አንተ ነህ» አሉና ሪባኑን ቆረጡ። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ሮጥኩ፣ ቦዩ ውስጥ ተፋሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ተመልሼ መጣሁ። «ኦቦ፣ አማቼ ነው ያሉት የእውነት ነው?» ብላቸው፣ ክንዴን ቆንጥጠው «ዝም በል አንተ! ገና መኪና ሳይገቡ ትናገራለህ?» አሉኝ።

ታዲያ በሹም ፊት ያሉትን ምን ብለው ያጥፉት? ፋሲካ አለፈና ሠርጋችን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ደጃዝማቹ ሰበታ በመጡ ቁጥር ኦቦ ጉተማ «ዛሬ ዲዳ ነህ» ብለው ይልኩብኝ ነበር፣ እኔም ቀኑን ሙሉ ዲዳ ሆኜ እውላለሁ፣ ቤትም መንገድም፣ ሰው እንዳይሰማብኝ። አየህ መከራዬን?

(ይሄኔ ወይዘሮ አስካለ ቀና አሉ።) «እኔን ደግሞ ስማኝ ልጄ። እነዚያን ቀኖች እንደ ዓመት በዓል ነበር የምጠብቃቸው። ደጃዝማቹ ሌላ አገር ተሹመው የሄዱ ዕለት፣ ከሰበታ ሰው ሁሉ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ።»